ስልካችን አማና ነው፤ ቁልፉስ ምን ያህል ይጠብቀዋል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ)

 

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን ከወረታ የደረሰን የአንድ ወንድማችን ጥያቄ ነው። ወንድማችን ከፎገራ ሜዳ ገበሬዎች ሩዝ እየተረከበ የሚነግድ ነው። ከማን ስንት ኩንታል እንደተቀበለ፣ ለማን ስንት ብር እንደሚቀርበት፣ ለመስጂድ ማሠሪያ ሰደቃ የሰጡ ሰዎች ዝርዝር፣ የባለቤቱና የልጆቹ ፎቶ፣ ሁሉም በስልኩ ውስጥ ነው። በመንገድ ላይ በተደረገ ፍተሻ ስልኩ ተወስዶበት ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰለት። «የሚስጥር ቁጥሬን ለማንም አልሰጠሁም። ታዲያ ከፍተው አይተውት ይሆን? የሰዎቹ ምስጢር በእኔ እጅ ባክኖ እንደሆነስ አላህ ይጠይቀኛልን?» ሲል ጽፎልናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው የዲን ነው። ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው አይመለስምና ከእርሱ እንነሣ።

ፖሊሶች ከተቆለፈ ስልክ መረጃ የሚያወጡባቸው መሣሪያዎች በዓለም ገበያ ይሸጣሉ። በስፋት የሚታወቁት የእስራኤሉ ኩባንያ ሴለብራይት የሚሠራቸውና ግሬይኪ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ ናቸው። ስልኩ በገመድ ከመሣሪያው ጋር ይያያዛል። መሣሪያው በስልኩ ሶፍትዌር ውስጥ ያልተደፈነ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል፤ አለዚያም የሚስጥር ቁጥሩን እያከታተለ ይሞክራል። ከተሳካለት መልእክቱ፣ ፎቶው፣ የጥሪው መዝገብና ባለቤቱ የዋለበት ቦታ ጭምር ተገልብጦ ይወጣል።

ይህ ከሩቅ ሆኖ ስልክ ከመጥለፍ የተለየ ነው። ስለ ጠለፋውማ በሀገራችን ብዙ ተብሏል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም የሆነው ሲቲዝን ላብ በ2013፣ በ2014 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው ጥናቶች፣ የስለላ ሶፍትዌሮች በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና የተቃውሞ ፖለቲካ ሰዎች ላይ ማነጣጠራቸውን አሳይቷል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ የተቀዳ የስልክ ንግግር በምርመራ ወቅት ለታሳሪዎች ይሰማ እንደነበር ገልጿል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስልኩ ራሱ በሌላ ሰው እጅ ስለሚገባበት ሁኔታ ነው። ያን ጊዜ የስልኩ ጥንካሬ በሦስት ነገሮች ይወሰናል።

አንደኛው፣ ስልኩ ጠፍቶ ነው ወይስ በርቶ የተወሰደው የሚለው ነው። የዘመኑ ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ወደማይነበብ ኮድ ለውጠው ያስቀምጣሉ። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ፣ የሚስጥር ቁጥሩ እስኪገባ ድረስ መፍቻው ቁልፍ ዝግጁ አይሆንም። አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ግን፣ ስክሪኑ ቢቆለፍ እንኳ፣ መፍቻው በስልኩ ውስጥ ይቆያል። የእህል ጎተራ ዘግቶ ቁልፉን ከበሩ ጀርባ ሰቅሎ እንደመሄድ ነው። ስለዚህ በርቶ የተወሰደ ስልክ ጠፍቶ ከተወሰደው ይልቅ ለመሣሪያዎቹ በእጅጉ የቀለለ ነው። የጣት አሻራም በጉልበት ሊነካ ይችላል፤ ስልኩ ጠፍቶ ከበራ ግን አሻራ ብቻውን አይከፍተውም።

ሁለተኛው የስልኩ ዕድሜና እድሳቱ ነው። ኩባንያዎቹ ቀዳዳ ባገኙ ቁጥር በኢንተርኔት በሚላክ እድሳት ይደፍናሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ሾልኮ የወጣ የሴለብራይት ሰነድ እንዳሳየው፣ መሣሪያው በወቅቱ አዲስ እድሳት የተጫነባቸውን አብዛኞቹን አይፎኖች ሊከፍት አልቻለም ነበር። የቆዩትን ግን ይከፍት ነበር። ዋጋቸው ዝቅ ያለ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ እድሳት የሚደርሳቸው ለአጭር ጊዜ ነው። በአንዳንድ የቆዩ የሚዲያቴክ ቺፖች ላይ የተገኘው ቀዳዳም በፋብሪካ የተጻፈ በመሆኑ በእድሳት አይደፈንም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን። በእነዚያ ወራት ዋይፋይ ያላገኘ ስልክ እድሳትም አላገኘም ማለት ነው።

ሦስተኛው የሚስጥር ቁጥሩ ርዝመት ነው። አፕል እንደገለጸው በአይፎን አንድ ሙከራ ወደ 80 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ስልኩ ከስሕተት በኋላ የሚያስጠብቀውን ጊዜ መሣሪያው ማለፍ ከቻለ፣ ባለ 4 አኃዝ ቁጥር ቢበዛ በ13 ደቂቃ ያህል ይገኛል። ባለ 6 አኃዙ 22 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ ባለ 10 አኃዙ ወደ 25 ዓመት ይወስዳል። ስድስት ቁጥር መጨመር ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ አስተውሉ! የትውልድ ዓመትና 1234 ግን ርዝመትም ምስጢርም የላቸውም።

በዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ስልኩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ በውስጡ ያለው ሚሞሪ ካርድ ብዙውን ጊዜ ያለ ቁልፍ የተቀመጠ ነው። ነቅሎ በኮምፒውተር ላይ የሰካው ሰው ሁሉ ያየዋል። የቤተሰብ ፎቶና የሰዎች ዝርዝር በሚሞሪ ካርድ ላይ አይቀመጥ።

የተመለሰ ስልክም እንደ ነበረ ተመለሰ ማለት አይደለም። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. እንደዘገበው፣ በሰርቢያ ፖሊስ የያዛቸው የአንድ ጋዜጠኛና የሌሎች ሰዎች ስልኮች ውስጥ የስለላ ሶፍትዌር ተጭኖ ተገኝቷል። በአንዳንዶቹ ላይ መክፈቻው የሴለብራይት መሣሪያ ነበር። ኩባንያውም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ለአንዳንድ የሰርቢያ ደንበኞቹ አገልግሎቱን ማቆሙን አስታውቋል።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ዑለማዎች ስለ አማና ሲያስተምሩ፣ አማና የተቀበለ ሰው ወሰን ካላለፈ ወይም ካላዝረከረከ በጠፋው ነገር እንደማይጠየቅ ይገልጻሉ። አላህም (ሱ.ወ) ሰውን ከአቅሙ በላይ እንደማያስገድድ በሱረቱል በቀራህ መጨረሻ ነግሮናል። ስለሆነም ወንድማችን፣ ስልክህን በጉልበት የወሰደብህን ሰው ሥራ አትጠየቅበትም፤ የምትጠየቀው ስለ ጥንቃቄህ ነው። ሩዙን ያስረከቡህ ገበሬዎች ሙስሊምም ሆኑ ክርስቲያን ሐቃቸው አንድ ነው። ስማቸውና ገንዘባቸው በአንተ ዘንድ አማና ነው።

የሰውን ገመና መበርበርም ለፈታሹ ቀላል ነገር አይደለም። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 12 አላህ (ሱ.ወ) መሰለልን ከልክሏል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን በግንብ ተንጠላጥለው አንድን ሰው ከወንጀል ላይ እንደያዙት፣ ሰውየውም «እኔ በአንድ ነገር ባምጽ አንተ በሦስት አምጸሃል፤ ሰልለሃል፣ በበር አልገባህም፣ ፈቃድም አልጠየቅህም» ሲላቸው ትተውት እንደሄዱ በኪታቦች ይተረካል። ኸሊፋው ለመግባት በር ካስፈለጋቸው፣ ሌላውንማ ምን እንላለን?

የሀገራችንም ሕግ በር አበጅቶለታል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም መርማሪው የኮምፒውተር መረጃን የሚበረብረው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ እንዲሆን ይደነግጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያለ ትእዛዝ መፈተሽ ተፈቅዶ ነበር፤ ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው አብቅቷል። ሕጋዊ ትእዛዝ ሲቀርብ መታዘዝ ግዴታ ነው። ይህን የምንለው ወንጀልን ለመደበቅ አይደለም፤ ማስረጃ ማጥፋትም ሆነ መዋሸት ከሙስሊም አይጠበቅም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚስጥር ቁጥራችንን እናስረዝም። እድሳት ሲመጣ «ነገ» አንበል። መንገድ ስንወጣ ስልካችንን አጥፍተን እንያዝ። የማያስፈልገንን የሰው ምስጢር እናጥፋ፤ በስልኩ ውስጥ የሌለውን ማንም መሣሪያ አያወጣውምና። ወንድማችን ደግሞ በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብቶ የማያውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር በስሙ ተከፍቶ እንደሆነ ይመልከት። የሚያስፈልገውን በወረቀት ገልብጦ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ይመልሰው፤ የሚስጥር ቁጥሮቹንም ሁሉ ይቀይር። ስማቸው በዝርዝሩ ላይ ለነበሩት ሰዎችም የሆነውን ይንገራቸው። ይህ ቢከብድም ከአማና የሚቆጠር ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ገመናችንን ይሸፍንልን፤ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።