የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥራ

የሕዝብ ግንኙነት ማለት አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራውን ለሚያገለግለው ሕዝብ የሚያስታውቅበት፣ ሕዝቡም የሚለውንና የሚጠይቀውን መልሶ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያደርስበት የሥራ ዘርፍ ነው። ብዙ ሰዎች ግን ሥራውን የሚያውቁት በከፊል ነው። ማስታወቂያ መለጠፍ፣ በበዓል ቀን የድምፅ ማጉያ መያዝና የእንግዶችን ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ ይመስላቸዋል። እነዚህ ሁሉ የሥራው አካል መሆናቸው አይካድም። ሆኖም መናገር ብቻ የሚያውቅና መስማት የማይችል ክፍል ግማሽ ሥራውን እንዳልሠራ ይቆጠራል።

ሥራው ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ በአገራችን መሠረቱ የቆየ ነው። ራስ ጉግሣ መርሶ የመሠረቷት ደብረ ታቦር ለረጅም ዘመን የበጌምድር ገዥዎች መቀመጫ ነበረች። በዚያን ዘመን የመንግሥት ትእዛዝ ለሕዝብ የሚደርሰው ነጋሪት እየተጎሰመ በአዋጅ ነጋሪ አፍ ነበር። አዋጅ ለማስነገር የገበያ ቀን ይመረጣል፤ ምክንያቱም ከየቀበሌው የመጣው ገበያተኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሰማውን ለጎረቤቱ ያወራል። አዋጅ ነጋሪውም የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ አደራ ይላል። ይህ ዘዴ ወረቀትና ሽቦ ባልነበረበት ዘመን እጅግ ብልህ የሆነ የመገናኛ ዘዴ ነበር። ጉድለቱ ግን አንድ ነው፤ ሰሚው የመጠየቂያ ጊዜና ቦታ አልነበረውም።

መልስ አለመስጠት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት ከዚያው አካባቢ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከአንድ ዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን አሠሩ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩት በዚህ የቅራኔ ዘመን ነው። መድፉ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ በ1860 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትም የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት በዚያው አለፈ። ለጦርነቱ ብዙ ምክንያት እንደነበረው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሳይመለስ የተቀመጠ ወረቀት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም።

በ1922 ዓ.ም. ደግሞ የበጌምድር ገዥ የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር በተጋጩ ጊዜ አዲስ ነገር ታየ። መጋቢት 22 ቀን በአንቺም ከተደረገው ውጊያ አስቀድሞ በሠራዊታቸው ላይ ከአውሮፕላን ወረቀት ተበተነ። በወረቀቱ ላይ ከሠፈረው ቃል አንዱ የጳጳሱ ግዝት ነበር። ይህ ድርጊት የጽሑፍ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን የሕዝብ ግንኙነት ብለን ልንጠራው አንችልም፤ ቦምብ በሚጥል አውሮፕላን የሚበተን ወረቀት ያስፈራራል እንጂ አያወያይም።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ እየሆነ የመጣው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ የአንድ የባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ ኩባንያዎች እንዲህ ያለውን አደጋ የመደበቅ ልማድ ነበራቸው። ለኩባንያው ይሠራ የነበረው አይቪ ሊ የተባለ የቀድሞ ጋዜጠኛ ግን ጋዜጠኞች አደጋው ወደ ደረሰበት ቦታ ሄደው እንዲያዩ አደረገ፤ የሆነውንም በጽሑፍ አዘጋጅቶ ሰጣቸው። ይህ ጽሑፍ በሙያው ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ የጋዜጣ መግለጫዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ደቡብ ጎንደር ደጋ እንመለስና አንድ አነስተኛ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በምሳሌነት እንውሰድ። ክፍሉ በወረዳ ከተማ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ይገኛል እንበል። ሠራተኞቹ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ዜና ጸሐፊ፣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ፣ አንዳንድ ጊዜም መዝገብና ደብዳቤ የሚይዝ ጸሐፊ። ሥራው ሲበዛ ሁሉም የሁሉን ይሠራል። ጧት የክልሉን የራዲዮ ዜና ያዳምጣሉ፤ በ1987 ዓ.ም. መታተም የጀመረችው የበኩር ጋዜጣ ስትደርስ ስለ አካባቢያቸው የተጻፈውን ለይተው ያስቀምጣሉ። ስሕተት ካገኙ እርማት ይልካሉ። ከዚያም አንዱ ወደ ገጠር ይወጣል።

ወደ ገጠር መውጣቱ ቀላል አይደለም። የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከሥሩ ያሉት ቀበሌዎች በክረምት ጭጋግና ጭቃ ይውጣቸዋል። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው ገሳይ በመኪና የሚደርስ ሠራተኛ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ ወደሚገኘው የድንችና የገብስ ገበሬ ለመድረስ በእግሩ መሄድ ይኖርበታል። ካልሄደ ግን የሚጽፈው ሁሉ ቢሮ ውስጥ የተሰማውን ብቻ ይሆናል። የተሻሻለ የድንች ዘር ለገበሬዎች ተከፋፈለ ብሎ መጻፍ አያስቸግርም። ዘሩ በጊዜው ደረሰ ወይ? በዋግ ተመታ ወይ? የሚለውን የሚመልሰው ማሳው ላይ የቆመው ገበሬ ነው።

ከዕለት ሥራቸው ሁሉ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ማስታወቂያ መጻፍ ነው። የሚከተለውን እንመልከት፦ «በቅርቡ አስፈላጊው ክትባት ስለሚሰጥ የሚመለከታችሁ ሁሉ በተለመደው ቦታ እንድትገኙ እናሳስባለን።» ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ምንም አይናገርም። ክትባቱ ለሰው ነው ወይስ ለከብት? ቀኑ መቼ ነው? ያስከፍላል ወይ? ከሁለት ሰዓት መንገድ የሚመጣ ሰው በግምት ከቤቱ አይነሣም። ማስታወቂያው እንዲህ ቢጻፍ ይሻል ነበር፦ «የካቲት 22 ቀን፣ የማርያም ማግስት፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ድረስ ከገበያው በታች ባለው ሜዳ የበግ ክትባት ይሰጣል። ክፍያ የለውም። ከሦስት ወር በታች የሆኑ ግልገሎችን አታምጡ።» እዚህ ላይ የበዓሉ ስም ለጌጥ የገባ አይደለም። ብዙ ገበሬ ቀኑን የሚቆጥረው በበዓላት ስም ስለሆነ የወሩን ቁጥር ቢረሳ እንኳ ማርያምን አይረሳም። ጽሑፉን ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች በመሆናቸውም አንዱ ሲያነብላቸው በአንድ መስማት እንዲገባቸው ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ሆነዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ወሬ በተነሣ ጊዜ የሚደረገው ነው። ክትባቱ ከተሰጠ በኋላ በአንድ መንደር ሦስት በጎች ሞቱ እንበል። ወሬው በማግስቱ ገበያ ሲደርስ ሦስቱ ሠላሳ ይሆናሉ። የክፍሉ ሠራተኛ ሁለት መንገድ ከፊቱ ይደቀናል። አንደኛው «ምንም አልተፈጠረም» ብሎ ማስተባበል ነው፤ አለቆች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ወደ መንደሩ ሄዶ የሞቱትን መቁጠር፣ ምክንያቱ ከታወቀ መናገር፣ ካልታወቀም ገና እየተመረመረ ነው ማለት ነው። ማስተባበያው አንድ ሳምንት ያሳርፍ ይሆናል። ነገር ግን የበጎቹ ባለቤቶች በገበያ መካከል ቆመው ሲናገሩ ክፍሉ ከዚያ በኋላ የሚለጥፈውን እውነተኛ ማስታወቂያ ጭምር የሚያምን አይገኝም። በሚቀጥለው ዓመት በሽታው ሲገባ በጎቹ ሳይከተቡ ያልቃሉ።

ሠራተኛው ከአለቃው ጋር የሚጋጨውም በዚህ ጊዜ ነው። አለቃው «ስማችንን ጠብቅ» ይለዋል፤ ሕዝቡ ደግሞ «እውነቱን ንገረን» ይለዋል። ለመሥሪያ ቤቱ መታመን ተገቢ ነው። ሆኖም በእኛ አስተያየት ጉድለቱን በጊዜው ለአለቃው የሚነግር ሠራተኛ ከሚያሞግሰው ይልቅ መሥሪያ ቤቱን ይጠቅማል። በሥራው ላይ ያለው ሰው ደፍሮ ይህን ለመናገር ማስረጃ ያስፈልገዋልና ቀን፣ ቦታና ቁጥር የያዘ ማስታወሻ ከእጁ አይለይም።

ሕግም በዚህ ነገር ገብቶበታል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። ጥያቄውን ተቀብሎ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ የመስጠትን ግዴታ የጣለውም በሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ላይ ነው። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ይልቅ የሚከበረው፣ የገባው ጥያቄና የወጣው መልስ ቀናቸው ጎን ለጎን የሚጻፍበት መዝገብ ነው። ጸሐፊው ዘወትር ዓርብ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት መዝገቡን ይገልጣል፤ የመልሱ ዐምድ ባዶ የሆነበትን ስም እያነበበ ለኃላፊው ይነግራል።