ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቀድሞ እንዳይሸጥ

በዓል ሲቃረብ ከመርሐቤቴ ቀበሌዎች ወደ ዓለም ከተማ፣ ከመንዝና ከግሼም ወደየአካባቢያቸው ገበያ ከሚወጡት በጎች መካከል ቀድሞ ገዢ የሚያገኘው ከእኩዮቹ በክብደት የበለጠው ጠቦት ነው። አርቢው ሸጦ ለማዳበሪያና ለልጆች ደብተር ያውለዋል። ቤት የሚቀረው ነጋዴ ያለፈው ቀጭን ጠቦት ሲሆን፣ በቀጣዩ ወቅት እናት በጎችን የሚያጠቃውም እርሱ ነው። በዚህ መንገድ ጥሩው ዘር በየዓመቱ ከመንጋው ይወጣል።

በሰሜን ሸዋ የበግ ዝርያን ለማሻሻል የተደረገው ጥረት ረጅም ዕድሜ አለው። በደብረ ብርሃንና በአመድ ጓያ ማዕከላት የመንዝን በግ ከውጭ ከመጣው አዋሲ ጋር የማዳቀል ሥራ ሲካሄድ ቆይቷል። ዲቃላው በሰውነት ይገዝፋል፤ ነገር ግን በቂ መኖ ይፈልጋል። የመንዝ በግ በአንጻሩ አነስተኛ ቢሆንም ብርዱንና የመኖ እጥረቱን የለመደ ነው።

ይህን ጥንካሬ ይዞ ዕድገቱን ለማፋጠን እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ተጀመረ። በሥራው የአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት፣ ኢካርዳ፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በቪየና የሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፈዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ግልገሉ ሲወለድ በጆሮው ላይ መለያ ቁጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀንና እናቱ ይመዘገባሉ። ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። ከዚያም አርቢዎች ከባለሙያ ጋር ተሰብስበው በክብደትና በቁመና የበለጡትን አውራ በጎች ይመርጣሉ። የተመረጠው ለመንደሩ በጋራ ያገለግላል፤ የቀረው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

ውጤቱ በአንድ ጀምበር የሚታይ አይደለም። እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) በተሰበሰበ መረጃ መሠረት የመንዝ ግልገል የስድስት ወር ክብደት በዓመት በአማካይ 110 ግራም ጨምሯል። በቦንጋ በጎች ጭማሪው 210፣ በሆሮ ደግሞ 180 ግራም ነበር። የመንዙ ጭማሪ ለ10 ዓመት ቢቀጥል በአንድ ግልገል ላይ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። በዘር የተገኘ ስለሆነም ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። በሦስቱም አካባቢዎች የተሳታፊ አርቢዎች ገቢ በ20 በመቶ ማደጉንና በቤተሰብ በዓመት የሚታረደው በግ ከአንድ ወደ ሦስት ከፍ ማለቱን ጥናቱ ያሳያል።

ምርጫው ብቻውን ግን አይበቃም። ጥሩ ዘር ያለው ግልገልም እንገር በወቅቱ ካላገኘ፣ እናቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ከተራበች ወይም የውስጥ ጥገኛ ትል ካጠቃው ይቀጭጫል። አንድ አውራ በአንድ መንጋ ለዓመታት ከቆየ ደግሞ የራሱን ልጆች ያጠቃል፤ ስለዚህ በመንደሮች መካከል መቀያየር አለበት።

ዋናው ችግር ገንዘብ ነው። ምርጡን ጠቦት ለመንደሩ ያቆየ አርቢ በዓሉን ባዶ እጁን ሊያሳልፍ አይገባም። በመንዝ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በተዘዋዋሪ ገንዘብ ጠቦቱን ከባለቤቱ የሚገዙት ለዚህ ነው። ይህን ልምድ መውሰድ ለሚፈልግ ወረዳ መነሻው ብዙ አይጠይቅም፤ ሚዛን፣ የጆሮ መለያ፣ መዝገብና ከበዓል ገበያ በፊት የተዘጋጀ የአውራ መግዣ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከገበያው በኋላ ከደረሰ ግን ምርጡ ጠቦት ቀድሞ ተሸጧል።