ሶኬቱ ሲሞቅ፣ ሶኬቱ ሲሸት

እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ አንድ ነገር ያድርጉ። ምጣዱን ያጥፉና የእጅዎን ጀርባ ወደ ገመዱ መሰኪያ ፕላስቲክ ያስጠጉ። ለብ ካለ ምንም አይደለም፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሙሉ የሠራ ነገር ትንሽ መሞቁ አይቀርም። እጅዎን ማሳረፍ ካቃተዎ ግን፣ ወይም የግድግዳው ሶኬት ዙሪያው ቡኒ እየሆነ ከመጣ፣ ያ ምጣድ ነገ እዚያው ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም።

ብዙዎቻችን እንሰካዋለን። "ትንሽ ይሸታል እንጂ ይሠራል እኮ!" እንላለን። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የሞቀ ሶኬት እስከሚቃጠልባት ደቂቃ ድረስ ይሠራል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በእስራኤል የቤት ሀሽማል 230 ቮልት ነው። ተራው የግድግዳ ሶኬት የተሠራው እስከ 16 አምፔር እንዲችል ነው። ሁለቱን ሲያባዟቸው 3,680 ዋት ይመጣል። አሁን ምጣዱን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ያንብቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻውን ሞልቶታል ማለት ነው። ከጎኑ በመፋጼል 2,000 ዋት የሚወስድ የሻይ ኩምኩም ቢሰኩ ድምሩ 5,500 ዋት፣ ማለትም 24 አምፔር አካባቢ ይደርሳል። ለ16 የተሠራ ሶኬት 24 ተሸከም ተብሎ ተጫነበት ማለት ነው።

መፋጼሉ ራሱ ደግሞ የባሰ ሊሆን ይችላል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ገመዳቸው ቀጭን ነው። ጀርባው ላይ 10 አምፔር የሚል ከተጻፈበት አቅሙ 2,300 ዋት ነው፤ ምጣድን ብቻውንም አይችልም። አምስት ቀዳዳ ስላለው አምስት ነገር ይችላል ማለት አይደለም። ቀዳዳው ቢበዛም ኃይሉ የሚመጣው በአንዲት ገመድ ነው። ይቺ ገመድ ተጠቅልላ ከተቀመጠች ወይም ምንጣፍ ሥር ከገባች ደግሞ ሙቀቱ የሚወጣበት የለውም። በገመድ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። "ትንሽ ብጨምርበት ምን ይሆናል" የሚለው አስተሳሰብ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር በሻንጣ የመጣ ምጣድ ከሆነ መሰኪያውንም ይመልከቱ። የአገሩ ቮልት ከዚህ ጋር ስለሚቀራረብ ምጣዱ ይሠራል። መሰኪያው ግን ለእስራኤል ሶኬት የተሠራ አይደለም። በግድ የገባ መሰኪያ ወይ ይላላል፣ ወይ የመሬት ገመዱ (እዚህ ሀርካ የሚሉት) ሳይገናኝ ይቀራል። ሀሽማላይ ጠርተው መሰኪያውን በእስራኤል ባለ ሦስት እግር ያስቀይሩ። ከዚያም የተሻለው፣ አቅም ካለ፣ ከአሮን ሀሽማሉ (የማፍሴኮቹ ሳጥን ማለት ነው) ተነስቶ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ የራሱ መስመርና የራሱ ማፍሴክ ማስገባት ነው። በየሳምንቱ ለሚጋገርበት ቤት፣ በተለይ ለስግድ ዋዜማ ምጣዱ ከጠዋት እስከ ማታ ለማይጠፋበት ቤት፣ ይህ ወጪ የቅንጦት አይደለም።

"ማፍሴክ አለን፣ ራሱ ይወርዳል" የሚሉ አሉ። ማፍሴክ በርግጥ ይወርዳል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ሥራው በመስመሩ ላይ ከመጠን በላይ ኃይል ሲያልፍ መቁረጥ ነው። ትርፉ ትንሽ ከሆነ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማፍሴኩ ጨርሶ የማያየው አደጋ አለ፤ መላላት። ሶኬቱ ውስጥ ያለው ብረት አርጅቶ መሰኪያውን አጥብቆ ካልያዘ፣ ወይም ከግድግዳው ውስጥ ያለው ብሎን ከላላ፣ ኃይሉ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ያልፍና ያችን ነጥብ ያግላታል። የጋለው ብረት ይጠቁራል፤ የጠቆረው ደግሞ ኃይሉን አላሳልፍ ብሎ ይበልጥ ይግላል። በዚህ ሁሉ መሃል የሚያልፈው ኃይል መጠኑ ትክክል ነው። ማፍሴኩ ምንም አላየም። ፓሃት የሚባለውም መሣሪያ የተሠራው ሰውን ከኤሌክትሪክ መንዘር ለማዳን ስለሆነ ላልቶ የሚግልን ሶኬት አያውቀውም። (ፓሃቱ ላይ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ ግን በየጥቂት ወሩ ይጫኗት። ስትጫኗት መብራት ካልጠፋ ሀሽማላይ ይጥሩ።)

ስለዚህ የሚያየው የእርስዎ ዓይንና አፍንጫ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ፣ አንዳንዴም ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ቤት ውስጥ ዓሣ ሳይኖር፤ ጥዝ የሚል ወይም የሚንጣጣ ድምፅ፤ ማዝጋኑ ሲነሳ እልም ብልጭ የሚል መብራት፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚወርድ ማፍሴክ። በአገራችን ጭስ የሸተተ ቤት ምግብ የሚሠራበት ቤት ነበር፤ ትልልቆቻችን ጭስ አያስደነግጣቸውም። እዚህ ግን ፕላስቲክ ነው የሚጨሰው፣ ጭሱም መርዝ ነው። ይህንን ለእናትና ለአባት ቁጭ ብሎ ማስረዳት የልጆች ሥራ ነው።

እንግዲህ ሽታው መጣ እንበል። ምን ይደረጋል?

የጋለውን መሰኪያ በእጅ ለመንቀል አይሩጡ። ፕላስቲኩ ቀልጦ ብረቱ ተጋልጦ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ወደ አሮን ሀሽማሉ ሄደው የዚያን ክፍል ማፍሴክ ያውርዱ፤ የትኛው እንደሆነ ካላወቁ ዋናውን ያውርዱ። ሳጥኑ ራሱ የሚጨስ ወይም የጋለ ከሆነ ግን አይንኩት፤ ሰዉን ይዘው ይውጡ። ኃይሉ ከተቆረጠ በኋላ ሶኬቱ እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይንቀሉ። ማፍሴኩን "ልሞክረው" ብለው መልሰው አያንሱ። ግድግዳው ከሶኬቱ ራቅ ብሎም የሚሞቅ ከሆነ ወይም ሽታው ካልጠፋ እሳቱ ከውስጥ ሊኖር ስለሚችል ወደ 102 ይደውሉ። ነበልባል ባይታይም ይደውሉ፤ እሳት አጥፊዎች ለዚህም ይመጣሉ።

ነበልባል ካለ ውሃ አይድፉ። ውሃ ኤሌክትሪክን ወደ እርስዎ ያመጣዋል። ባለ ዱቄት ማጥፊያ ካለዎት፣ እሳቱ ትንሽ ከሆነ፣ መውጫው በርም ከጀርባዎ ከሆነ ብቻ ይሞክሩ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ይተዉት። ልጆቹንና ሽማግሌዎቹን ይዘው፣ የሚቃጠለውን ክፍል በር ዘግተው፣ በደረጃ ይውረዱ እንጂ በማዓሊት አይውረዱ። ጭስ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ዝቅ ብለው ይሂዱ። ሲወጡ ለቦርሳ፣ ለወርቅ፣ ለቴውዳት ዜሁት ብሎ መመለስ የለም። በኤሌክትሪክ የተያዘ ሰው ካዩ ደግሞ ኃይሉ ሳይቆረጥ በእጅዎ አይንኩት፤ ከቆረጡ በኋላ 101 ይደውሉ።

አሁን ወደ ሰንበት። ኢትዮጵያ ሳለን ሰንበት ሲገባ እሳት በቤት አይኖርም ነበር፤ ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ቀዝቃዛውን ይበላ ነበር። ፕላታን ያገኘነው እዚህ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ሌሊቱን በሙሉ የሚግል ብረት ነው። በ2015 በኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ለሰንበት የተተወ ፕላታ ባስነሳው እሳት ከአንድ ቤት ሰባት ልጆች ሞተዋል። በዚያ ቤት የነበረው የጭስ ማስጠንቀቂያ ምድር ቤት እንጂ ሰዎቹ በሚተኙበት ፎቅ አልነበረም። ፕላታዎን በድንጋይ ወይም በሴራሚክ ላይ ያስቀምጡ እንጂ በእንጨትና በፕላስቲክ ጨርቅ ላይ አያድርጉት። ከመጋረጃ ያርቁት። ገመዱ የጋለውን ብረት አይንካ። ከግድግዳ ሶኬት በቀጥታ ይሰኩት። ወጡ እንዳይበርድ ብለው በፎጣና በብርድ ልብስ አይሸፍኑት። ሸኦን ሻባት የሚጠቀሙም በላዩ የተጻፈውን አምፔር ያንብቡ። ለመብራት የሚበቃው ሸኦን ለማሞቂያ አይበቃም። አንድ የጭስ ማስጠንቀቂያ በመኝታ ቤቶቹ መተላለፊያ ጣሪያ ላይ ይስቀሉ፤ በባትሪ የሚሠራውን ለመስቀል ሀሽማላይ አያስፈልግም።

ሰንበት ሌሊት ቢሸትስ? ይህንን የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች። ነፍስ አደጋ ላይ ስትሆን ማፍሴክ ማውረድና ስልክ መደወል የተፈቀደ ብቻ አይደለም፣ ግዴታ ነው። ፒኩዋሕ ኔፌሽ የሚባለው ይህ ነው። ሃላካውም "ቆይ ቄሱን ልጠይቅ፣ ራቢውን ልጠይቅ" ብሎ መዘግየትን አይወድም። ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው ዛሬ፣ በደህናው ቀን ነው።

በኪራይ የሚኖሩ ደግሞ "ባለቤቱ ይቆጣል" ብለው ዝም አይበሉ። ሶኬቱን ፎቶ አንሥተው፣ በዋትሳፕ ጽፈው ይላኩ፤ የቃል ነገር ማስረጃ አይሆንም። ሕጉ አከራዩ የቤቱን የኤሌክትሪክ ሥራ ደህና አድርጎ እንዲያከራይና ብልሽቱን እንዲያስጠግን ያስገድደዋል። ጎረቤት "እኔ አውቃለሁ" ቢል ያመስግኑትና ይተዉት፤ በዚህ አገር የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ላለው ሀሽማላይ ብቻ የተፈቀደ ነው። ሪሻዮኑን አሳየኝ ማለት ነውር የለበትም።

ልጆቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ወይም ኮርኪኔት ካላቸው ባትሪውን ከመውጫው በር አጠገብ ቻርጅ አያድርጉ፤ ሌሊት ተኝታችሁም እንዲሁ። ያ ባትሪ ሲነድ በሰከንዶች ነው፣ መውጫውንም ይዘጋል።

የመጨረሻው ስልኩ ነው። ቤት ውስጥ ዕብራይስጥ የማይናገሩ እናት ወይም አያት ካሉ ይህንን በትልቅ ፊደል ጽፈው በፍሪጁ ላይ ይለጥፉላቸው፤ ሁለት ሦስት ጊዜም ጮክ ብለው ያስጠኗቸው። "ዬሽ ስሬፋ ባባይት" ማለት ቤት ውስጥ እሳት አለ ነው። "ዬሽ ሬያሕ ሳሩፍ" ማለት የሚቃጠል ነገር ይሸታል ነው። ከሥሩ የከተማውን ስም፣ ሬሆቭ ብለው መንገዱን፣ ሚስፓር ብለው የቤቱን ቁጥር፣ ኮማ ብለው ፎቁን ይጻፉ። ከላይ 102 ለእሳት፣ 101 ለአምቡላንስ፣ 103 ለኤሌክትሪክ ኩባንያው። መጀመሪያ አድራሻው ይነገር፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንደሚመጡ ያውቃሉ። ከዚያ ስልኩን ራሳቸው አይዝጉ፣ የሚያነጋግራቸው ሰው እስኪዘጋ ይጠብቁ።