ወፍ ተመልካቹ መሐንዲስ

አንድ ኩባንያ የሚፈጥረው አዲስ ነገር ሁሉ ከራሱ የምርምር ክፍል የመነጨ ነው ብንል እንሳሳታለን። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪ የነበሩት ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ መሐንዲሶች መረጃን በአብዛኛው የሚያገኙት ከባልደረቦቻቸው አፍ ነው። ከባልደረቦቹም መካከል ጥቂቶች ብቻ ከውጭ አንብበውና ሰምተው ለሌሎቹ ያካፍላሉ። እነዚህን ሰዎች «በር ጠባቂዎች» ብለዋቸዋል። ስያሜው በእኛ ጆሮ ጥቂት ያሳስታል፤ ዘበኛ የሚያስቆም ነውና፣ እነዚህ ግን የሚያስገቡ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱን እንመልከት። ኤጂ ናካትሱ በምዕራብ ጃፓን የባቡር ኩባንያ የፈጣን ባቡር መሐንዲስ ነበሩ። በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ወፍ ይመለከታሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 በኦሳካ በተደረገ የወፍ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተው፣ የአውሮፕላን ንድፍ ከአእዋፍ ምን ያህል እንደተማረ የሚያስረዳ ንግግር አዳመጡ። ተናጋሪው ራሳቸው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ኩባንያው ጭንቅ ላይ ነበር። ባቡሩን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ማስኬድ ይቻላል፤ ነገር ግን በመኖሪያ ሰፈሮች የሚሰማውን ድምፅ የሚገድብ ደንብ አለ። ከኦሳካ እስከ ሀካታ ከሚዘልቀው መስመር ደግሞ ግማሽ ያህሉ ዋሻ ነው። ፈጣን ባቡር ወደ ጠባብ ዋሻ ሲገባ ከፊቱ ያለውን አየር እንደ ቡሽ ይገፋዋል። ይህ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ በድምፅ ፍጥነት ተጉዞ በሌላኛው አፍ ሲወጣ እንደ መድፍ ያጓራል። የዚህ የግፊት ሞገድ ጉልበት በፍጥነቱ ሣልሳዊ ርቢ መጠን ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ሞገዱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዋሻው አፍ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች አቤቱታ ማቅረባቸው ሊያስደንቀን አይገባም።

ናካትሱም «ከቀጭን ነገር ወደ ወፍራም ነገር በድንገት እየገባ የማይረበሽ ፍጡር አለን?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ያገኙት ከሚያውቋት ወፍ ነው። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የቆመ ሰው የዚህችን ዓሣ አዳኝ ወፍ ዘመዶች አይቷል፦ ከአየር ወደ ውኃ ስትወረወር እምብዛም አትረጭም። ረጅም ምንቃሯ ከጫፉ ወደ ራሷ ቀስ በቀስ ስለሚሰፋ ውኃው አይገፋም፤ ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ወፏ ብቻ ትመሰገናለች። መሐንዲሶቹ ግን የተለያየ ቅርጽ ያላቸውን ጥይቶች በቧንቧ ውስጥ ተኩሰው ግፊቱን ለክተዋል፤ በኮምፒዩተርም አስልተዋል። ለምንቃሩ የቀረበው ቅርጽ ያሸነፈው በሚዛን ነው። ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የጣሪያው ክንድ የሚያሰማውን ፉጨት ለመቀነስም የጉጉት ላባ ጠርዝ ተጠንቷል፤ ጥርስ መሰል ስለሆነ ትልቁን የአየር አዙሪት ወደ ትናንሽ አዙሪቶች ይሰባብረዋል።

«500» የተባለው ባቡር 15 ሜትር በሚሆን አፍንጫው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 መንገደኛ ማጓጓዝ ጀመረ። ናካትሱ እንደገለጹት የአየር ግፊቱ በ30 በመቶ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታውም በ15 በመቶ ቀንሷል። ይሁን እንጂ ረጅሙ አፍንጫ የፊተኛውን ፉርጎ መቀመጫዎች ተሻምቷል፤ ክቡ አካልም ውስጡን አጥብቦታል። በኋላ የመጡት ባቡሮች አጠር ያለ፣ የዳክዬ ምንቃር የሚመስል አፍንጫ ይዘው ተሠሩ፤ «500»ም እ.ኤ.አ. በ2010 ከፈጣኑ አገልግሎት ወጥቶ በየጣቢያው ወደሚቆመው ተዛወረ።