ቼልሲ ያሳደጋቸውን ልጆች ለምን ይሸጣል? መልሱ ሜዳ ላይ የለም

ሜሰን ማውንት ቼልሲ የገባው በ6 ዓመቱ ነው። እዚያው አደገ። በ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ለሃቨርትዝ ያቺን ኳስ ያቀበለው እሱ ነው፣ ዋንጫውም መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ55 ሚሊየን ፓውንድ ለማንቸስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ኮነር ጋላገርም ያው ነው። በ2023/24 ሪስ ጄምስ ሲጎዳ የአምበልነቱን ጨርቅ አስሮ ሲሮጥ ከረመና በዚያው ክረምት ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ተሸኘ።

እኔ የቼልሲ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ "ቅናት ነው" ለማለት የተዘጋጃችሁ ተረጋጉ። ያኔ እኔም እንደ ብዙ ሰው "አሰልጣኙ አልፈለገውም" ብዬ ነበር። የሂሳቡን አሠራር ሳይ ግን የምናደድበት ሰው ተቀየረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክለብ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ወጪ አድርጎ መዝገብ ላይ አያሰፍርም። በውሉ ዓመታት ያካፍለዋል። 40 ሺህ ብር ስልክ ገዝታችሁ "4 ዓመት እይዘዋለሁ" ብትሉ፣ ለሂሳብ ሠራተኛ በዓመት 10 ሺህ ብር ነው ያወጣችሁት። ኪሳችሁ ሌላ ሊል ይችላል፣ መዝገቡ ግን እንደዛ ነው የሚያወራው።

አሁን ኤንዞ ፈርናንዴዝን ውሰዱ። በ2023 የጃንዋሪ ዝውውር ቼልሲ 106.8 ሚሊየን ፓውንድ ከፍሎ ከቤንፊካ አመጣው፣ የ8 ዓመት ተኩል ውልም አስፈረመው። ሲካፈል በዓመት ወደ 12.5 ሚሊየን ይመጣል። ውሉ የ5 ዓመት ቢሆን ኖሮ ከ21 ሚሊየን በላይ ይሆን ነበር። ለሙድሪክም ያንኑ ያህል ረጅም ውል ሰጡት። ባለቤቶቹ ቀዳዳውን አግኝተው ነበር ማለት ነው። ዩኤፋ በዚያው ክረምት፣ ፕሪምየር ሊጉ ደግሞ በዲሴምበር 2023 "ከ5 ዓመት በላይ ማካፈል የለም" ብለው ቀዳዳውን ደፈኑት፤ የድሮዎቹን ውሎች ግን አልነኩም።

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? ሕግ ስላለ ነዋ። አንድ የፕሪምየር ሊግ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊየን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም። ኤቨርተን በኖቬምበር 2023 አሥር ነጥብ ተቀነሰበት (በይግባኝ ስድስት ሆነለት)፣ ኖቲንግሃም ፎረስት ደግሞ አራት። ስለዚህ ቀልድ አይደለም፣ ነጥብ ነው የሚሄደው።

ሲሸጥ ደግሞ ጨዋታው ይገለበጣል። ትርፉ ከሽያጩ ላይ መዝገብ ውስጥ የቀረው ዋጋ ሲቀነስ የሚገኘው ነው፣ እሱም በአንድ ጊዜ በአንዱ ዓመት ይገባል። የአካዳሚ ልጅ የተገዛበት ዋጋ የለውም፣ መዝገብ ላይ ዜሮ ነው። የማውንት 55 ሚሊየን ሙሉ በሙሉ ትርፍ ነው ማለት ነው። ኤንዞ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ በ70 ሚሊየን ይሸጥ ብንል፣ መዝገቡ ላይ ገና 81 ሚሊየን ገደማ ስለሚቀር ኪሳራ ነው። አስቡት እስቲ! ለሂሳብ ሠራተኛው በ70 ሚሊየን ከሚሸጥ ኮከብ ይልቅ በ35 ሚሊየን የሚሸጥ የቤት ልጅ ይሻለዋል።

በዚህ የተጎዳው የኛ ክለብ ብቻ አይደለም። ኒውካስል ከልጅነቱ ያሳደገውን ኤሊዮት አንደርሰንን በ2024 ለፎረስት የሸጠው በ35 ሚሊየን ነው። ልጁ አሁን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነው። ቀኑን ደግሞ እዩልኝ፦ የሂሳብ ዓመቱ የሚዘጋው ጁን 30 ላይ ነው፣ በኛ ሰኔ 23። የኛ መሥሪያ ቤቶች ሰኔ ላይ በጀት ለመጨረስ እንደሚሯሯጡት፣ እነሱ ደግሞ ለመሸጥ ይሯሯጣሉ።

ቼልሲ ልጆቹን ሸጦም አልበቃውም፣ ሁለት ሆቴሎቹን በ76.5 ሚሊየን ፓውንድ ለራሱ ባለቤቶች ሌላ ድርጅት ሸጠ። ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው! ፕሪምየር ሊጉ ሲያሳልፈው ዩኤፋ ግን እንዲህ ያለውን ገቢ አልቆጥርም ብሎ በ2025 ክለቡን ቀጣ።

የኔ ሐሳብ? ሕጉ ራሱ አይጠላም፣ ክለብ በዕዳ ተዘፍቆ ሲፈርስ የሚያለቅሰው ደጋፊው ነው። ግን የግዢ ወጪ በ5 ዓመት ከተካፈለ የአካዳሚ ሽያጭ ትርፍም በ5 ዓመት ይካፈል። ያኔ ልጅ መሸጥ የአንድ ዓመት ቀዳዳ መድፈኛ መሆኑ ይቀራል። አንድ ጓደኛዬ "ልጆች አሳድገው በመሸጥ የሚኖሩት ትናንሾቹ ክለቦችስ?" ብሎ ያዘኝ፤ እውነቱን ነው፣ እነሱን ይጎዳል። ለነሱ የተለየ አሠራር ቢኖር እላለሁ እንጂ ሙሉ መልስ የለኝም።

ከ2026/27 ጀምሮ ሊጉ ሕጉን እየቀየረ ነው፤ ክለቦች ለቡድናቸው ማውጣት የሚችሉት ከገቢያቸው እስከ 85 በመቶ ይሆናል። ግን የተጫዋች ሽያጭ ትርፍ እዚያም ውስጥ ይቆጠራል። እና ሰኔ በገባ ቁጥር የሌቪ ኮልዊልን ስም የዝውውር ወሬ ውስጥ ሳይ ሆዴ ይረበሻል።