ለእርሻና ለድካም ሥራ የሚሆን ጫማ ስለ መምረጥ

አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለሰውነት ክፍል ሁሉ የሚገባ ነው፤ ይልቁንም ለእግር። ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን ሳያበጅ፤ ማረሻውንም ሳያሳል ወደ እርሻ አይወጣም። ሞፈሩን ተከትሎ ከማለዳ እስከ ማታ የሚራመደውን እግሩን ግን ሳይሸፍን ይውላል። ጫማ ያለውም ሰው ቢሆን ብዙ ጊዜ ለገበያና ለበዓል ያኖረዋል፤ በሥራ ቀን እንዳያልቅበት ብሎ ከቤት ትቶት ይወጣል። እንዲህም በመሆኑ ጫማው ተጠብቆ እግሩ ያልቃል።

ጉዳቱም በእሾህና በእንቅፋት ብቻ የሚቀር አይደለም። ዝናም በሚበዛበት በደጋና በወይና ደጋ፤ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት አገር፤ ብዙ ዘመን በባዶ እግር የሚሠራ ሰው እግሩ ሊያብጥ፤ ቆዳውም ሊወፍርና ሊሻክር ይችላል። ይህ ሕመም ዝሆኔ ይባላል። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ አለ፤ ይህኛው ግን ከትንኝ አይመጣም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ መርምረው ምክንያቱ ከአፈሩ መሆኑን ገለጡ። ይኸውም ለዓይን የማይታይ የአፈር ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ስለሚጎዳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ይህን ሕመም ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋራ ቈጠረው። በኢትዮጵያ ብቻ የታመሙት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ሕመሙ በአንዳንድ ቤተ ሰብ ቢበረታም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ስለዚህ ሕመምተኛውን ከማዕድና ከጋብቻ ማራቅ፤ ልጁንም ከትምህርት ቤት ማሳፈር ያለ እውቀት የሚደረግ በደል ነው።

እንግዲህ የሥራ ጫማ እንዴት ይመረጣል? በመዠመሪያ ሥራውንና አፈሩን ማየት ነው። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ከታች እጅግ ጽኑ ነው፤ እሾህና ስለታም ድንጋይም ይከላከላል። ነገር ግን ከላይ ክፍት ስለ ሆነ ጭቃና አቧራ ቆዳውን ያገኙታል፤ ስለዚህ ለቀይ አፈር አገር አይበቃም። ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ ዋጋው ቀላል፤ ለማጠብም የማያስቸግር ነው፤ ቀዳዳ ካለው ግን ጭቃ ያስገባል፤ ቀዳዳ ከሌለውም ላብ ይይዛል። ረዥሙ የላስቲክ ቦት ጫማ ለረግረግና ለመስኖ ሥራ ይሻላል፤ ማታ ማታ ግን አውልቆ ውስጡን ማናፈስ ያስፈልጋል። ለእርሻ፤ ለድንጋይ ፈለጣና ለሸክም ሥራ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፤ በሚገባ የለፋ ወፍራም የቆዳ ጫማ ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛም የጫማውን አሠራር መመርመር ነው። ሶሉ በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ጫማ በውኃ ቶሎ ይለቃል፤ በጽኑ ክር ዙሪያውን የተሰፋው ይዘልቃል። ሶሉም እንዳያንሸራትት የተቦረቦረ ይሁን። ጫማውን መለካት ከቀትር በኋላ ይገባል፤ እግር በሥራና በመንገድ ብዛት ጥቂት ያብጣልና። ከረዥሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። የጠበበ ጫማ እግርን ያቆስላል፤ የሰፋም እየተንሸራተተ ይልጣል።

ሦስተኛው የዋጋው ነገር ነው። ርካሽ የሚባለው በገበያ ቀን ጥቂት ገንዘብ የሚጠይቅ ሳይሆን ለአንድ ወር አገልግሎት ጥቂት የሚያስከፍል ነው። ለምሳሌ አንዱ ጫማ 300 ብር ተገዝቶ 3 ወር ቢያገለግል ለወሩ 100 ብር ሆነ። ሌላው 1200 ብር ተገዝቶ 24 ወር ቢያገለግል ለወሩ 50 ብር ብቻ ሆነ። ስለዚህ ውድ መስሎ የታየው በእጥፍ ረከሰ። መምህራን ይህን ለተማሪዎች የማካፈል ሒሳብ አድርገው ቢሰጡ፤ ልጆቹ በቤታቸው ስላለው ጫማ ራሳቸው ሊያሰሉ ይችላሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ማውጣት የማይቻለው ሰው ግን ቀዳዳ የሌለውን የላስቲክ ጫማ ገዝቶ በየቀኑ ቢጫማ፤ የቆዳ ጫማ ገዝቶ በቤት ከሚሰቅለው ይልቅ እግሩን ያድናል።

ጫማ ዕድሜው የሚረዝመው በአያያዝ ነው። ማታ ጭቃውን ማራገፍና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። የረጠበ ቆዳ በእሳት ዳር ቢደርቅ ይሰነጠቃልና በጥላ ይድረቅ፤ በኋላም ሞራ ወይም የጫማ ቅባት ይቀባ። ስፌቱ ሲፈታ ሳይውል ሳያድር ማሰፋት አዲስ ከመግዛት ያድናል። እግርንም በየማታው በውኃና በሳሙና ታጥቦ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ ያስፈልጋል። የእግር ማሳከክና ማቃጠል፤ ሌሊት ጎድሎ ቀን የሚመለስ እብጠትም የታየበት ሰው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በመዠመሪያው ጊዜ በማጠብና በመጫማት ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ ሕዝብ ከቃል ይልቅ ምሳሌ ይከተላል። ሽማግሌው ጫማውን አድርጎ ወደ እርሻ ሲወርድ ያየ ጎልማሳ በሥራ ቀን መጫማትን እንደ ቅንጦት አይቆጥረውም። የበዓል ጫማ ለክብር ነው፤ የሥራ ጫማ ግን ማረሻ እንደ ሆነ ሁሉ የገበሬ መሣሪያ ነው።