ከደረጃው መብራት እስከ መደመሪያ

ፎቅ ቤት ውስጥ የደረጃ መብራት ብዙ ጊዜ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ አንዱ ምድር ቤት፣ ሌላው ፎቅ ላይ። የትኛውም ሲነካ የበራው ይጠፋል፣ የጠፋው ይበራል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይህን በሽቦ አዘረጋግ ብቻ ይጨርሰዋል። በሎጂክ ጌት፣ ማለትም 0 እና 1 ተቀብሎ 0 ወይም 1 በሚሰጥ ትንሽ ዑደት፣ እንሥራው ካልን ግን መጀመሪያ የምንፈልገውን እንጻፍ። የምድር ቤቱን ማብሪያ «ሀ»፣ የፎቁን «ለ» እንበላቸው፤ የማብሪያዎቹን ሁለት አቀማመጥ 0 እና 1 እንበል፤ ለመብራቱ 0 ጠፍቷል፣ 1 በርቷል ማለት ነው፦

ሀ ለ መብራት
0 0 0
0 1 1
1 0 1
1 1 0

ይህ የእውነት ሰንጠረዥ ይባላል። ሊከሰት የሚችለው ሁሉ እዚህ አለ፤ ያልታሰበበት አምስተኛ ሁኔታ የለም።

ወደ ጌት ለመለወጥ ውጤታቸው 1 የሆኑትን ረድፎች ብቻ እናነባለን። ኤንድ ጌት 1 የሚሰጠው ሁሉም ግቤቶቹ 1 ሲሆኑ ነው፤ ኦር አንዱ ይበቃዋል፤ ኖት ይገለብጣል። ስለዚህ ለሁለተኛው ረድፍ ሀን በኖት ገልብጠን ከለ ጋር ወደ ኤንድ እናስገባለን። ለሦስተኛው ደግሞ የሚገለበጠው ለ ነው። የሁለቱን ኤንዶች ውጤት ኦር ይቀበላል። በድምሩ አምስት ጌት። የማብሪያ ማጥፊያ ዑደቶች እንዲህ በጆርጅ ቡል አልጀብራ ሊሰሉ እንደሚችሉ ክሎድ ሻነን በ1937 እ.ኤ.አ. ለኤምአይቲ ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ አሳይቷል።

አምስቱ ግን በአራት ይተካሉ፤ ያውም በአንድ ዓይነት ጌት። ናንድ የኤንድ ግልባጭ ነው፤ 0 የሚሰጠው ግቤቶቹ ሁሉ 1 ሲሆኑ ብቻ ነው። ሀና ለ አንድ ናንድ ይገባሉ። ውጤቱ ከሀ ጋር ወደ ሁለተኛው፣ ከለ ጋር ወደ ሦስተኛው ይሄዳል፤ አራተኛው የሁለቱን ይቀበላል። ሀ 0፣ ለ 1 ሲሆኑ የመጀመሪያው 1፣ ሁለተኛው 1፣ ሦስተኛው 0፣ የመጨረሻው 1 ይሰጣል። የቀሩትን ሦስት ረድፎች በእርሳስ ይሞክሯቸው። 7400 የሚባለው የታወቀ ቺፕ በውስጡ አራት ናንድ ስላለው ሥራው በአንዱ ያልቃል።

ይኸው ሰንጠረዥ በ0 እና 1 ብቻ በሚጻፉ የሁለትዮሽ ቁጥሮች መደመሪያም ነው፦ 0 ሲደመር 1 አንድ፤ 1 ሲደመር 1 ደግሞ 0 ተጽፎ 1 ይያዛል። የሚያዘውን አንድ ኤንድ ጌት ይሰጠናል።

ችግሩ የረድፉ ብዛት ነው። ግቤት በተጨመረ ቁጥር ሰንጠረዡ እጥፍ ይሆናል፤ 10 ግቤት 1,024 ረድፍ፣ 20 ግቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ። ሁለት ባለ 32 ቢት ቁጥሮችን የሚደምር ዑደት 64 ግቤት ስላለው ሰንጠረዡን ጽፎ የሚጨርስ የለም። ስለዚህ ሁለት ቢትና ከቀደመው የተያዘውን የሚደምር ትንሽ ዑደት ይሠራል፤ ስምንት ረድፉ ይፈተሻል፤ ከዚያ 32 እንዲህ ያሉ ዑደቶች ተቀጣጥለው በአንዱ የተያዘው ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል።